የኮስታ ሪካ ፓስፊክ ዳርቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለዕረፍት ወዴት እንሂድ ሲባል የኮስታ ሪካ ስም አሁን አሁን በኛ ሰው ዘንድም መነሳት ጀምሯል። በተለይ አሜሪካ ያሉ ወዳጆቼ ስለዚያ አገር ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ መልሱን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ አስቀመጥኩት። የምጽፈው ስለ ጫካው፣ ስለ ባሕሩና ስለ እንስሳቱ ነው። ወራቱም ዓመታቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው ባሕር ነው? ኮስታ ሪካ ሁለት ዳርቻ አላት አይደል?

አዎ፣ ሁለት አላት። ኮስታ ሪካ በኒካራጓና በፓናማ መካከል ያለች ትንሽ አገር ናት፤ በስፋት ኢትዮጵያ ውስጥ ሃያ ጊዜ ትገባለች። በምሥራቅ በኩል ያለው የካሪቢያን ዳርቻ አጭር ነው፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። በምዕራብ ያለው የፓስፊክ ዳርቻ ግን እየተጠማዘዘ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። እኔ የምጽፈው ስለዚህኛው ነው።

ዳርቻውን በሦስት ከፍላችሁ አስቡት። ሰሜኑ ጓናካስቴና የኒኮያ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በበጋ ቅጠሉ የሚረግፍ ደረቅ ጫካ፣ የከብት እርባታ፣ የሰርፍ (በሞገድ ላይ በሰሌዳ የመንሸራተት) መንደሮች ያሉበት። መሀሉ ሃኮ፣ ኬፖስና ማኑኤል አንቶኒዮ ነው፤ ለዋና ከተማው ለሳን ሆሴ ስለሚቀርብ ሰው ይበዛበታል። ደቡቡ ኡቪታና ኦሳ ነው። እዚያ ዝናቡ ብዙ፣ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነው። ልቤ ያለው እዚህ ደቡቡ ላይ ስለሆነ ጽሑፉ ወደዚያ ቢያደላ አትገረሙ።

መቼ ልሂድ?

ደረቁ ወቅት ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ነው። ዝናቡ በሜይ ይጀምርና እስከ ኖቬምበር ይዘልቃል። ሳን ሆሴም አዲስ አበባም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ አካባቢ ላይ ናቸው። ስለዚህ በጋና ክረምቱ ከሞላ ጎደል ከኛ ጋር ይገጥማል። ትልቁ ልዩነት ዝናቡ የሚብሰው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር መሆኑ ነው። እኛ አበባየሆሽ ብለን ክረምቱን ስንሸኝ እዚያ ገና እየከበደ ነው። በኦክቶበር ደቡብ ያሉ አንዳንድ ሎጆች ጭራሽ ይዘጋሉ።

ብዙ ሰው የሚመክራችሁ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪን ነው። ፀሐዩ አስተማማኝ ነው፣ መንገዱም ይደርቃል። ግን ዋጋው ይወደዳል፣ ሰውም ይበዛል፣ የጓናካስቴ ጫካ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ነው የምታገኙት። እኔ ብትጠይቁኝ ጁላይ ወይም የኦገስት መጀመሪያ እላለሁ። ጫካው ለምልሟል። ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብራ ነው፣ ዝናቡ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። በጁላይ አካባቢ እንዲያውም ዝናቡ ፋታ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ አገሬው ‹ቬራኒዮ› ይለዋል፣ ትንሿ በጋ ማለት ነው። ከደቡብ ዋልታ የሚመጡት ዓሣ ነባሪዎችም በዚሁ ሰሞን መድረስ ይጀምራሉ።

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣውም የምትጠልቀውም እንደ አገራችን 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም እንስሳቱን ለማየት ምርጡ ሰዓት ገና ሲነጋ ነው። አርፍዶ የሚነሳ ሰው ጫካው ጸጥ ካለ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ሳምንት ብቻ ነው ያለኝ። ሁሉንም ማየት እችላለሁ?

አትችሉም፣ አትሞክሩት። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ሁሉ በመንገድ ሩቅ ነው። በአንድ ሳምንት ሰሜን ካለው ከታማሪንዶ ተነስቶ ደጋው ላይ ያለውን ሞንቴቬርዴን፣ ማኑኤል አንቶኒዮንና ደቡብ ያለውን ኮርኮቫዶን አካልላለሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የመኪና መስታወት ነው። አንዱን ክፍል ምረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ሦስት ሌሊት ኡቪታ፣ ሦስት ሌሊት ኦሳ ላይ ያለው ድራኬ የባሕር ወሽመጥ ነው። ሁለቱ ይቀራረባሉ። ዓሣ ነባሪውም፣ ጫካውም፣ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍም በዚያ ውስጥ ይገኛሉ።

ቪዛ ያስፈልጋል?

የአሜሪካ ፓስፖርት ላለው ቪዛ አያስፈልግም፤ እስከ 180 ቀን መቆየት ይፈቀዳል፣ ቁርጡን የሚወስነው ግን ድንበር ላይ ያለው ሹም ነው። የመመለሻ ቲኬት ሊጠየቅ ስለሚችል በእጃችሁ ይሁን። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ግሪን ካርድ ወይም የሌላ አገር ቪዛ ያለው ሰው ደግሞ ጉዳዩ እንደየሁኔታው ይለያያል። እዚህ ላይ የፌስቡክ ምክር አትስሙ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በምትኖሩበት አገር ያለውን የኮስታ ሪካ ቆንስላ በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን አትማችሁ ያዙ።

ቢጫ ካርድ ይጠየቃል? ወባስ?

ኮስታ ሪካ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚመጡ መንገደኞችን የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ከኢትዮጵያ የምትነሱ ከሆነ፣ ወይም ከጉዞው ቀደም ብሎ አገር ቤት ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ፣ ካርዱን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። አንዴ ከተወሰደ በዓለም የጤና ድርጅት ደንብ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

በዳርቻው ላይ ከወባ ይልቅ የሚያሳስበው ደንጌ ነው። የሚያስተላልፈው ትንኝ ቀን የሚናከስ ስለሆነ አጎበር ብቻውን አያድናችሁም። የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ፣ ምሽት ላይ ደግሞ እጅጌው ረዥም የሆነ ስስ ልብስ ልበሱ።

ኮርኮቫዶ ኮርኮቫዶ የሚሉት ምን ቢኖረው ነው?

ኮርኮቫዶ በኦሳ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የየብሱ ስፋት ከ420 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመካከለኛው አሜሪካ የፓስፊክ ጠረፍ ላይ ከተረፉት ትላልቅ ቆላማ የዝናብ ጫካዎች አንዱ ነው። በኮስታ ሪካ ያሉት አራቱም የጦጣ ዓይነቶች እዚህ አንድ ላይ ይኖራሉ። ጃጓርና ፑማ አሉ። ቀዩ ማካው በቀቀን ጥንድ ጥንድ እየሆነ ከባሕሩ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ ፍሬ ሲፈለፍል ይውላል።

የፓርኩ እምብርት ሲሬና የሚባለው የጠባቂዎች ጣቢያ ነው። አንድ ሌሊት እዚያ ማደር ከቻላችሁ እደሩ። ረዥም በረንዳ ላይ ተደራራቢ አልጋ ከነአጎበሩ ይሰጣችኋል። ገና ሳይነጋ ጫካውን የሚያናውጥ ጩኸት ይቀሰቅሳችኋል፤ አንበሳ የመጣ ይመስላል፣ ግን ጮሃዋ ጦጣ ናት። ከዚያ በባትሪ ትወጣላችሁ። አስጎብኚው ድንገት ቆም ይልና እጁን ያነሳል። መጀመሪያ የሚታያችሁ ነገር የለም። ቀስ እያለ ግን ከቅጠሉ ሥር አንድ ግራጫ ጀርባ ይለያል። ታፒር ነው። አፍንጫው እንደ አጭር ኩምቢ ተንጠልጥሎ መሬቱን ያሸታል፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ነጭ መስመር አለው። ክብደቱ 200 ኪሎ ያልፋል፣ ሲራመድ ግን ኮቴው አይሰማም። ያያችኋል፣ ትንሽ ያሸታችኋል፣ ከዚያ ወደ ጭቃው ሄዶ ይተኛል። ዘሩ ሰው እንደማይጎዳው ከለመደ ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኖታል።

ይህ ፓርክ ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። ኒኮላስ ቬስበርግ የሚባል ስዊድናዊና ዴንማርካዊት ባለቤቱ ካረን ሞገንሰን በ1950ዎቹ መጥተው በኒኮያ ጫፍ ሰፈሩ። ዙሪያቸው ያለው ጫካ ሲጨፈጨፍ ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። ደብዳቤ ጻፉ፣ ገንዘብ አሰባሰቡ፣ መንግሥትን ወተወቱ። በ1963 እዚያው ያለው ካቦ ብላንኮ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ሆነ፤ የአገሪቱ የጥበቃ ሥራ በር ከፋች እሱ ነው። ቬስበርግ ከዚያ ፊቱን ወደ ኦሳ መለሰ። በ1975 ያ ጫካ እንዲጠበቅ ሲጣጣር እዚያው ኦሳ ውስጥ ተገደለ። ኮርኮቫዶ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የታወጀው በዚያው ዓመት ነው። መንገዱ ላይ ስትሄዱ ይህን ብታውቁ ጥሩ ነው።

ያለ አስጎብኚ መግባት እችላለሁ?

ኮርኮቫዶ አይቻልም። ከ2014 ጀምሮ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ግዴታ ነው። የመግቢያ ፈቃዱም ቀድሞ መያዝ አለበት፤ በበጋ ወራት ለሲሬና አዳር ቦታ ቶሎ ያልቃል።

ማኑኤል አንቶኒዮ ያለ አስጎብኚ ይገባል። ቲኬቱ 18 ዶላር አካባቢ ነው፣ የሚሸጠው በብሔራዊ ፓርኮቹ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ማክሰኞ ዝግ ነው። በር ላይ ቲኬት አለን ብለው የሚጠሯችሁን ሰዎች እለፏቸው።

ባይገደድም ግን አስጎብኚ ያዙ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ስሎዝ የሚባለው እንስሳ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ላይ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ብቻችሁን ከሆናችሁ ከሥሩ መቶ ጊዜ ብትመላለሱም አታዩትም። አስጎብኚው ግን ቴሌስኮፑን ተክሎ ‹እዩ› ይላችኋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያከክ ታገኙታላችሁ። በዚያ ላይ አብዛኞቹ አስጎብኚዎች የዚያው መንደር ልጆች ናቸው። ገንዘባችሁ ከነሱ ኪስ ሲገባ ጫካው ቆሞ መኖሩ ለመንደሩ እንጀራ ይሆናል።

ድራኬና ኮርኮቫዶ እንዴት ይደረሳል?

ደስ የሚለው መንገድ በሲየርፔ በኩል ያለው ነው። ሲየርፔ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። መኪናችሁን ጥበቃ ባለው ቦታ ታቆሙና ጀልባ ትሳፈራላችሁ። ጀልባው በአገሪቱ ትልቁ በሆነው የማንግሮቭ ጫካ መሀል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከዚያ ወንዙ ከውቅያኖስ የሚገናኝበት አፍ ላይ ሲደርስ ሞገዱ ያነሳዋል። ካፒቴኑ ፍጥነት ቀንሶ ሞገዱን እያየ ይጠብቃል፣ ቀዳዳ ሲያገኝ ሞተሩን ከፍቶ ያልፋል። ላይፍ ጃኬቱን እዚህ ጋ አታውልቁ። ድራኬ ስትደርሱ ብዙ ጊዜ ወደብ የለም፤ ጫማ አውልቃችሁ እስከ ጉልበት ውኃ ውስጥ ነው የምትወርዱት። ትልቅ ሻንጣ ያመጣ ሰው የሚጸጸተው ያን ጊዜ ነው።

ከድራኬ ወደ ሲሬና ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ የጀልባ መንገድ ነው። በሌላ በኩል በፑየርቶ ሂሜኔስ ከተማ አድርጎ እስከ ካራቴ በፎር ዊል መሄድ፣ ከዚያ ከላ ሌዮና ጣቢያ በባሕሩ ዳር 16 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መጓዝ ይቻላል። ይህኛው ለጠንካራ ሰው ነው። ጥላ የለም፣ አሸዋው ይሰምጣል፣ ወንዞቹ የሚሻገሩት ባሕሩ ሲጎድል ብቻ ነው። ሳንሳ የሚባለው የአገር ውስጥ አየር መንገድም በትንንሽ አውሮፕላን ወደ ድራኬም ወደ ፑየርቶ ሂሜኔስም ይበራል። የሻንጣ ክብደት ገደቡ ጥብቅ ነው።

በሲየርፔ ካለፋችሁ አይቀር ፊንካ 6 የሚባለውን ቦታ ጎብኙ። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩ ሰዎች ከድንጋይ ጠርበው የሠሯቸው ግዙፍ ድቡልቡሎች በቆሙበት ይታያሉ። ዩኔስኮ በ2014 መዝግቧቸዋል። ለእኔ ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ስቆም የሚመጣብኝ ጥያቄ ነው እዚያም የመጣብኝ፤ በምን ጉልበት፣ በምን ልብ ሠሩት?

ዓሣ ነባሪ የማየት ዕድሌ ምን ያህል ነው?

በወቅቱ ከሄዳችሁ ጥሩ ነው። የዚህ ዳርቻ ልዩ ነገር ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከሁለት አቅጣጫ መምጣታቸው ነው። ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ከአንታርክቲካ የተነሱት ይመጣሉ። ከዲሴምበር እስከ ማርች ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ የተነሱት። በቁጥር የሚበዙት የደቡቦቹ ናቸው፤ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይዋኛሉ። የሚመጡት ሞቃት ውኃ ፈልገው፣ ሊወልዱና ሊገናኙ ነው። እናትና ግልገል ጎን ለጎን ሲተነፍሱ መጀመሪያ የምትሰሙት ድምፁን ነው፣ ጎማ እንደተነፈሰ ያለ ረዥም እፍታ።

ጀልባው የሚነሳው ከኡቪታ ወይም ከድራኬ ነው። ከዓሣ ነባሪ ጋር ውኃ ውስጥ ገብቶ መዋኘት በሕግ የተከለከለ ነው። ካፒቴኑ ተጠግቶ ቢያሳድድላችሁ አትደሰቱ፣ ይተው በሉት። ግልገል የያዘች እናት ስትባረር የምትከፍለው በጉልበቷ ነው።

ኡቪታ ያለው ‹የዓሣ ነባሪ ጅራት› ምንድን ነው?

በማሪኖ ባዬና ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ ተጠራቅሞ ከባሕሩ ዳር ወደ ውስጥ የገባ ምላስ ነው። ጫፉ ለሁለት ስለሚከፈል ከላይ ሲታይ ቁርጥ የዓሣ ነባሪ ጅራት ነው። በእግር የሚደረሰው ባሕሩ ሲጎድል ብቻ ነው፤ በጣም ከጎደለበት ሰዓት በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ አላችሁ።

ባሕር የሌለበት አገር ያደግን ሰዎች ይህን ነገር አቅልለን እናየዋለን። በዚህ ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ልዩነቱ እስከ ሦስት ሜትር ይደርሳል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ጠዋት ሰፊ አሸዋ የነበረው ቦታ ከሰዓት ድንጋይ የሚደበድብ ሞገድ ይሆናል። ሆቴሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰንጠረዥ አለ፣ ስልክ ላይም ይገኛል። ቁርስ ላይ ሆናችሁ እዩት፤ የቀኑን ፕሮግራም የሚያወጣው እሱ ነው።

መዋኘት አልችልም። ብሄድ ትርጉም አለው?

አለው እንጂ! ጫካው፣ ጀልባው፣ ማንግሮቩ፣ ኤሊው፣ ወፉ፣ ምንም መዋኘት አይጠይቅም። ስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ እየተነፈሱ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ዓሣ ማየት) ግን ባትችሉ ይቅርባችሁ፣ ወይም መጀመሪያ ፑል ውስጥ ላይፍ ጃኬት ለብሳችሁ ተለማመዱ። ከድራኬ ፊት ለፊት ባለው በካኞ ደሴት ዙሪያ ያለው ውኃ ጥርት ያለና በዓሣ የተሞላ ነው፣ ነገር ግን ክፍት ውቅያኖስ ነው።

ለሚዋኝም ለማይዋኝም ግን አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። የዚህ ዳርቻ ዋናው አደጋ እባብም አዞም አይደለም፣ ወደ ውስጥ የሚጎትተው የባሕር ጅረት ነው። ሞገዱ ወደ ዳር ያመጣው ውኃ በአንድ ጠባብ መስመር ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ያ መስመር ሞገዱ የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ የሚመስለው ቦታ ስለሆነ ሰው ደህና ነው ብሎ ይገባበታል። ከያዛችሁ በቀጥታ ወደ ዳር አትታገሉ። ጉልበታችሁን ጨርሶ ነው የሚያሰምጣችሁ። ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሱ፣ ከዚያ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፤ መስመሩ ጠባብ ስለሆነ ትወጡበታላችሁ። ኡቪታ አጠገብ ያለው የዶሚኒካል ባሕር ዳር በዚህ የታወቀ ነው። ልጆች ያሏችሁ በቁርጭምጭሚት ውኃም ቢሆን ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ሌላው ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይተኛል፣ ሲረገጥ በጭራው ይወጋል። ስትገቡ እግራችሁን ሳታነሱ እየጎተታችሁ ግቡ፣ ይሸሻል።

እባቡና አዞውስ?

አሉ። ከእባቦቹ የሚፈራው ቴርሲዮፔሎ ነው፤ የወደቀ ቅጠል መስሎ ይተኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከመንገድ አትውጡ፣ ሌሊት ያለ ባትሪ አትራመዱ፣ ጫካ ስትገቡ እስከ ጉልበት የሚደርስ የፕላስቲክ ቦቲ አድርጉ፣ እጃችሁን የማታዩበት ቦታ አታስገቡ። ከተነደፋችሁ ሕክምናው አለ። የኮስታ ሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ክሎዶሚሮ ፒካዶ ተቋም የእባብ መርዝ ማርከሻ በመሥራት ስሙ የታወቀ ነው። ለአፍሪካ እባቦች የሚሆንም ሠርቶ ናይጄሪያ ውስጥ ሥራ ላይ ውሏል።

አዞ የሚገኘው ወንዝ ውስጥና ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ታርኮሌስ ድልድይ ላይ መኪና አቁሞ ወደ ታች ማየት የሁሉም መንገደኛ ልማድ ነው፤ ጭቃው ላይ ተደርድረው ታዩዋቸዋላችሁ። መኪናው ውስጥ ቦርሳ ትታችሁ አትውረዱ፣ እዚያ አካባቢ ሌባ አይጠፋም። ሲሬና ወንዝ ላይ ደግሞ አዞም ቡል ሻርክም አለ። ምንም ሞቋችሁ ቢሆን የወንዝ አፍ ላይ አትዋኙ።

ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው አደጋ ማንሳኒዮ የሚባለው ዛፍ ነው። ባሕር ዳር ጥላው ያምራል፣ ፍሬው ትንሽ አረንጓዴ ፖም ይመስላል። ፍሬው መርዝ ነው፣ ወተቱም ቆዳ ያቃጥላል። ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ አትጠለሉ።

ኤሊዎች እንቁላል ሲጥሉ የት ማየት ይቻላል? እንቁላሉን ሰው ይሰበስባል የሚባለው እውነት ነው?

ኦስቲዮናል ይባላል፣ ኒኮያ ላይ ነው። በዓመቱ በአብዛኞቹ ወራት፣ ብዙ ጊዜ ጨረቃዋ ልታልቅ ስትቃረብ፣ ኦሊቭ ሪድሊ የተባሉት ኤሊዎች በሺህ እየሆኑ ለተከታታይ ሌሊቶች ይወጣሉ። ‹አሪባዳ› ይሉታል። በብዛት የሚወጡት በዝናቡ ወራት ነው። አንዷ ኤሊ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች። በኋላ እግሯ አሸዋውን እየዛቀች ጉድጓዱን ስታበጅ፣ አጠገቧ ያለችው ደግሞ እሷ ላይ አሸዋ ትረጭባታለች። ቦታ የለም።

የእንቁላሉ ነገርም እውነት ነው፣ ሕጋዊም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የተጣሉት እንቁላሎች በኋላ በሚመጡት ኤሊዎች ተቆፍረው ይሰባበራሉ፣ አሸዋውንም ያበላሹታል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ መንደሩ በማኅበር ተደራጅቶ ከመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች እንዲሰበስብ ተፈቅዶለታል። በለውጡ ዳርቻውን ያጸዳል፣ ከሌባ ይጠብቃል፣ የሚፈለፈሉትን ከአሞራና ከውሻ ይከላከላል። ስሰማው ደስ አላለኝም ነበር። ነገሩን ካየሁት በኋላ ግን የመንደሩ ሰው ኤሊዋን እንደ ራሱ ንብረት የሚጠብቃት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። የምትገቡት ከመንደሩ አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። የስልክ መብራትና ፍላሽ ክልክል ነው።

ሰርፍ መማር እፈልጋለሁ።

ለጀማሪ ታማሪንዶ ወይም ኡቪታ። በደቡቡ ጫፍ ያለው ፓቮኔስ በግራ በኩል ከሚሄዱት የዓለማችን ረዣዥም ሞገዶች አንዱ ያለበት ነው፤ እሱ ግን ለቻለ ሰው ነው።

መኪና ልከራይ?

ኡቪታና ማኑኤል አንቶኒዮ ብቻ ከሆነ ተራ መኪና ይበቃል፤ በዳርቻው የሚሄደው 34 ቁጥር መንገድ አስፋልት ነው። ኒኮያና ኦሳ ከሆነ ፎር ዊል ውሰዱ። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ርካሽ ዋጋ የግዴታ ኢንሹራንሱን ብዙ ጊዜ አይጨምርም፣ ቢሮ ስትደርሱ ሂሳቡ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቀድማችሁ ጠይቁ። ወንዝ የሚያቋርጥ መንገድ ካጋጠማችሁ ሌላ መኪና ሲሻገር ሳታዩ አትግቡ። በጨለማ አትንዱ።

ጾም ላይ ከሆንኩ ምን እበላለሁ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ መልሱም ጥሩ ነው። ያገሬው ዋና ምግብ ሩዝና ጥቁር ቦሎቄ ነው። ጠዋት አንድ ላይ ተጠብሶ ‹ጋዮ ፒንቶ› ይባላል። ምሳ ላይ ‹ካሳዶ› ይሉታል፤ ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ ሰላጣና የተጠበሰ ትልቁ ሙዝ፣ ከጎኑ ሥጋ ወይም ዓሣ። ሥጋውን አስቀሩት። ቦሎቄው አንዳንዴ በአሳማ ስብ ስለሚሠራ ‹ሲን ማንቴካ› በሉ። ‹ሲን ኬሶ፣ ሲን ዌቮ› ማለት ደግሞ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል ነው። ‹ሶዳ› በሚባሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ባለቤቷ ራሷ ስለምታበስል ብትነግሯት ታስተካክልላችኋለች። ፍራፍሬው በየመንገዱ ነው። በርበሬ ግን የለም፤ ሚጥሚጣችሁን ያዙ።

ቡናቸውስ እንዴት ነው?

ጥሩ ነው። አረቢካ ነው፣ ዘሩ መነሻው የኛው ጫካ ነው። ባሕሩ ዳር አይበቅልም፣ ደጋው ላይ ነው። ከሳን ሆሴ ወደ ኡቪታ በተራራው በኩል ከሄዳችሁ ስመ ጥሩው የታራሱ ቡና በሚበቅልበት አካባቢ ታልፋላችሁ። መንገዱ ከ3,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጃኬት በእጃችሁ ይሁን። የሚያፈሉት በእንጨት ማቆሚያ ላይ በተንጠለጠለ የጨርቅ ማጥለያ ነው። ከኢትዮጵያ መጣን ስትሏቸው ፊታቸው ይበራል፣ ስለ ጀበና ይጠይቃሉ። ጊዜ ስጧቸው።

ገንዘብና ደኅንነት?

ገንዘባቸው ኮሎን ነው፣ ዶላርም በብዙ ቦታ ይቀበላሉ። ምግብ ቤት ሂሳቡ ውስጥ 13 በመቶ ታክስና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይገባል፤ ተጨማሪ ጉርሻ በፈቃዳችሁ ነው። ድራኬ ስትሄዱ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። አገሩ ሰላማዊ ነው፣ ሠራዊቱን ከ1948 ጀምሮ በትኗል። ሌብነት ግን አለ፤ ዕቃ መኪና ውስጥና አሸዋ ላይ አትተዉ። የአደጋ ጊዜ ስልክ 911 ነው።

እናቴን ወይም ትንንሽ ልጆችን ይዤ ብሄድስ?

ማኑኤል አንቶኒዮን ምረጡ። የተነጠፈ መንገድ አለው፣ ጦጣና ስሎዝ ቅርብ ናቸው፣ ሐኪም ቤትም አይርቅም። ጦጣዎቹ ቦርሳ ይከፍታሉ። ምግብ አትስጧቸው፤ የሰው ምግብ የለመደች ጦጣ ትታመማለች፣ ልጅም ትነክሳለች። ኮርኮቫዶን ለእናታችሁ በጀልባ የደርሶ መልስ ጉዞ አድርጉላቸው፣ ጉልበታቸው ደህና ከሆነ። መውረጃው ላይ ክንዳቸውን ይዛችሁ ነው።

ምን ልያዝ?

ትንሽ፣ ግን የሚሆን። ውኃ የማያስገባ ቦርሳ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቶሎ የሚደርቅ ካልሲ በብዛት፣ የራስ ባትሪ፣ ቆብ፣ ኮራልን የማይጎዳ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የውኃ ኮዳ። የቧንቧ ውኃ በአብዛኛው ቦታ ይጠጣል። ቢኖኩላር ካላችሁ አትርሱት። ቦቲ ግን ከቤት አትሸከሙ፤ ብዙ ሎጆች ያከራያሉ ወይም በነጻ ይሰጣሉ። እግራችሁ በጣም ትልቅ ከሆነ ብቻ ቁጥራችሁን ቀድማችሁ ጻፉላቸው።